ሃያ አራት የተገለበጡ ቀሚሶች

ጨርቅ የገነቴ በረንዳ ላይ ሲደርስ ሦስት ፈተና ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው የፀሐይ ነው። ገነቴ ልብሱን በሁለት እጇ ዘርግታ ወደ ሰማይ ታነሳዋለች። ክርኑ፣ መቀመጫው ወይም ጉልበቱ ብርሃኑን እንደ ወንፊት ካሳለፈ ጨርቁ አልቋል። ሁለተኛው የጣት ነው፤ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣቶቿ ይዛ ግራና ቀኝ ትስበዋለች፤ ጥርሱን ካሳየ ክሩ ደክሟል ማለት ነው። ሦስተኛው የክብሪት ነው፣ ከሁሉም የሚያስደስተው እሱ ነው። ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር ትመዝና ትለኩሰዋለች። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ብን ይላል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ከሆነ ግን እየተኮማተረ ይቀልጥና ጫፉ ላይ እንደ ዳጉሳ ፍሬ ያለ ጥቁር ጠጣር ነገር ይቋጥራል።

«ፌስታል ነው» ትላለች ያኔ፣ ልብሱን ለባለቤቱ እየመለሰች። «አንተ ሞተህም እሱ አይበሰብስም፤ ግን አንድ ክረምት አይለበስም።»

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር፣ ገነቴ ሃያ ዓመት ያህል በእግር መኪና ስትሰፋ ኖራለች። አዲስ ልብስ መስፋት ትችላለች፤ የምትወደው ግን መገልበጥ ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ልብስ የሚያረጀው ፀሐይ፣ አቧራና የሰው ዓይን በሚያገኘው ፊቱ ነው። ውስጡ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም እንደያዘ ይቀመጣል። ስፌቱን ሁሉ ፈትተው፣ አጥበው፣ ተኩሰው ውስጡን ወደ ውጭ አድርገው ሲሰፉት አዲስ ልብስ ይወጣል። ችግሩ የደረት ኪስ ነው። የወንድ ኮት የደረት ኪሱ በግራ በኩል ነው፤ ሲገለበጥ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የተገለበጠ ኮት በሩቁ የሚታወቀውም በዚያ ነው። ገነቴ ግን ከኮቱ የውስጥ ጠርዝ ክር እየመዘዘች፣ ድሩን በድር፣ ማጉን በማግ ተክታ ኪሱን ትደፍነዋለች። ከዶዮገና አንድ መምህር የተገለበጠ ኮቱን ሊወስድ መጥቶ «ኪሴን የት አደረግሽው?» ብሎ ሩብ ሰዓት ያህል ፈልጓል።

«ጨርቅ ሦስት ዕድሜ አለው» የምትለው ነገር አላት። «አንዴ በፊቱ ይለበሳል፣ አንዴ በውስጡ ይለበሳል፣ ከዚያ ወለል ይወለውላል። መሐለኛውን ዕድሜውን መንሳት ነውር ነው።»

ከተማው ደግሞ ስለሷ የሚለው ነገር አለው። ባሏ መልካሙ እንደ ብዙ የሀዲያ ወንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥር ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ደወለ፣ ከዚያ ስልኩ ተቀየረ። «ገነቴ የሞተ ኮት ታስነሳለች» ይላሉ ልባሽ ተራ ያሉት ሴቶች፣ እሷ እየሰማች፣ «በሕይወት ያለ ባሏን ግን ማስነሳት አቃታት።» ገነቴ ይህን ስትሰማ ከመኪናው ቀና አትልም።

የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ሐዳሳ። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ጤና ኮሌጅ ትማራለች፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። መዝሙሩን ብቻዋን ጀምራ ሌሎቹ የሚከተሉት ዓይነት ድምፅ አላት።

ኳየሩ አንድ ልማድ አለው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ለሚደረገው ኮንፈረንስ ሴቶቹ አዲስ ቀሚስ ያሰፋሉ፤ ጨርቁ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ቀለሙ የዓመቱ ነው፣ የባለፈው ዓመት ቀሚስ ደግሞ ሳጥን ይገባል። ባለፈው ዓመት ወተት መልክ ነበር። ገነቴ ለጨርቁ የሚሆን አላገኘችም። ሐዳሳም ከሦስት ዓመት በፊት በተሰፋው ሰማያዊ ቀሚስ ሄዳ ጥግ ላይ ቆመች። መዝሙሩን በቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ካሜራውን ዝቅ አደረገና፣ «ሰማያዊዋ፣ ትንሽ ወጣ በይልን፣ መስመሩን አበላሸሽው» አላት። እሷ የምትጀምረውን መዝሙር ሌላ ሴት ጀመረችው። ሐዳሳ ከበሩ አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው አጨበጨበች። ገነቴ ይህን ከሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሆና አየችው።

ዓመቱን ሙሉ ያሰበችው ይህን ነው፤ ልጇ በሚቀጥለው መስከረም ከመስመር እንዳትወጣ። ሰኔ ላይ የኳየሩ ኮሚቴ ሲሰበሰብ አንድ ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ሐዳሳ የለበሰችው ዓይነት፣ አሁን አራት ዓመት የሆነው ሰማያዊ ገበርዲን ነው። ቀኝ ጎኑን ገልብጣዋለች፣ ግራ ጎኑን እንዳለ ትታዋለች። ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ግማሹ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ገርጥቷል፣ ግማሹ አዲስ ነው።

የኳየሩ ሰብሳቢ ሰብሌ ናት፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ የማትቆጣ፣ የማይቆጧት ሴት። ቀሚሱን አንስታ ፊትና ጀርባውን አየችው።

«እህት ገነቴ፣ ይሄ ያው ነው እያልሽኝ ነው?»

«ያው ነው። የቀኙን ጎን ገለበጥኩት፣ ሌላ የጨመርኩበት የለም። ጨርቁ ጥሩ ጥጥ አለበት፣ ክሩን አቃጥዬ አይቻለሁ። ሃያ አራቱም ሳጥን ውስጥ አሉ። ክረምቱን እሠራቸዋለሁ። ማንም ምንም አያዋጣም፣ ማንም ከመስመር አይወጣም።»

አንዷ አባል ሳቀችና፣ «ባለፈው ዓመት የተቀደደብን ወተት መልክስ?» አለች።

«ያንን ክሩን ሳላቃጥል ነው ያወቅኩት» አለች ገነቴ። ሁሉም ሳቁ። ሰብሌም ሳቀች፣ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። ገነቴ ወደ ቤቷ ስትሄድ ጭቃ እያለ ጭቃውን አላየችውም።

ሐምሌ ሲገባ ሥራው ተጀመረ፤ እንዴት እንደተሠራ ማየት ተገቢ ነው። ገነቴ በቀን ሦስት ቀሚስ በግማሽ ምላጭ ትፈታለች፤ መቀስ ለዚህ አይሆንም፣ ጨርቁን ይነክሳል። የእያንዳንዱን ቀሚስ ቁራጮች በአንድ ክር አስራ የባለቤቷን ስም በጠመኔ ትጽፍባቸዋለች። ታጥባለች። ዝናቡ ስለማያቋርጥ የምታሰጣው ቤት ውስጥ ነው፤ አልጋው፣ ወንበሩና በሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች።

የሚቀጥለው ነገር ግን አስቸገራት። አሮጌ ስፌት ሲፈታ መርፌው የወጋበት ቀዳዳ እንደ ነጠብጣብ መስመር ይቀራል፣ በካውያም አይጠፋም። ስለዚህ አዲሱ ስፌት ከአሮጌው አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገብቶ መሄድ አለበት። ከሁለቱም ጎን ሲደመር ቀሚሱ ይጠባል፤ ሴቶቹ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ አልጠበቡም። ገነቴ ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቀን ከባለፈው ዓመት ቀሚስ ጋር የተሰፉትን ወተት መልክ ሻርፖች ከኳየሩ ሳጥን አወጣች። ከብብት እስከ ጠርዝ ድረስ አራት ጣት የሚሰፋ ጣልቃ አድርጋ አስገባቻቸው። ሰማያዊው መሐል ወተት መልኩ ቀጭን ሆኖ ወረደ፣ ሲራመዱበት ይከፈታል፣ ሲቆሙ ይዘጋል። መላ ብላ የጀመረችው ጌጥ ሆነ።

«እህቶቻችን በጸጋ ብቻ አይደለም ያደጉት» አለች ለሐዳሳ፣ የአንዷን ወገብ እየዘረጋች፣ ብቻዋን እየሳቀች።

ሐዳሳ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራ ነበር። አልሳቀችም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ገነቴ «ልጆቹ ለልኬት አንድ ጊዜ ይምጡ በያቸው» አለች።

«ፈተና ላይ ናቸው፣ እማ።»

«ሁሉም?»

«አንቺ በዓይንሽ ታውቂያቸው የለ? ስንት ዓመት ከኋላቸው ተቀምጠሻል።»

እውነት ነው፣ ታውቃቸው ነበር። በሙያ ዘመኗ ሙሉ ያላደረገችውን ያኔ አደረገች፤ ሳትለካ ቆረጠች። ትክክለኛ ልክ ሊወጣ እንደሚችል እርግጠኛ ነበረች፣ ወጣም። ራሷ ለልኬት ብትጠራቸው ኖሮ ግን አንዳቸውም ስለማይመጡ ነገሩን ያኔ ትደርስበት ነበር፤ የሠራችው ስህተት እሱ ነው።

ከመንገዱ ማዶ የናስረዲን ሱቅ አለ። ናስረዲን በኤሌክትሪክ መኪና የሚሰፋ፣ የጠርዝ መኪናም ያለው ወጣት ነው፤ ቁልፍ ቤት መሥራት ያስተማረችው ገነቴ ናት። ጳጉሜን ላይ ክር ሊያልቅባት ሲል ተሻግራ ስትሄድ ሱቁ በወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ ተሞልቶ አገኘችው።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?»

ናስረዲን መኪናውን አላቆመም። «የሚዜ ነው፣ እትዬ። ለዱራሜ ሠርግ ነው የታዘዝኩት።»

«ስንት ሚዜ ነው?»

«ብዙ ናቸው።»

«ይቺ ሙሽራ የምታገባው ክፍለ ጦር ነው እንዴ?» ከወለሉ ቁራጭ አንስታ ክር መዘዘችና ክብሪት ጫረች። ክሩ ተኮማትሮ ቀለጠ። «ፌስታል ነው፣ ናስረዲን።»

«ወደውታላ፣ ምን ላድርግ።»

አንዱን ቀሚስ አንስታ ብብቱን በሁለት አውራ ጣቷ ሳበችው። «ብብቱን አጥብበኸዋል። እጃቸውን ሲያነሱ እዚህ ጋ ይተረተራል። አንድ ጣት ልቀቀው።»

«ተቆርጧል፣ እትዬ። ሁሉም ተቆርጧል።»

«ለሚዜ ይሆናል እንግዲህ» አለች ገነቴ። «ሚዜ ምን እጅ ያነሳል።»

ናስረዲን ክሩን ሰጣት። ስትወጣ ጠራት። «ምነው?» ስትለው፣ «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ቀስ ብለሽ» አላት።

የኮንፈረንሱ እሁድ ደረሰ። ሐዳሳ «ልምምድ አለን» ብላ በጠዋት ወጥታለች። ገነቴ ሃያ አራቱን ቀሚሶች አጣጥፋ ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገባች፤ እንዳይጨማደዱ በየመሐሉ ጋዜጣ አደረገች። የሐዳሳን ከላይ አደረገችው። ባጃጅ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ደረሰች፣ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየጎተተች ወደ መዘምራኑ ክፍል ወሰደቻቸውና በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ክፍሉ ወይን ጠጅ ነበር።

ለብሰው ጨርሰዋል። አንዷ የሌላዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር፣ እጇ እዚያው ቀረ። ሰብሌ ከመሐላቸው ወጥታ መጣችና የገነቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እህት ገነቴ፣ ሐዳሳ አልነገረችሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ወንድም ሲላስ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ፣ ለሁላችንም ላከልን። የጨርቁንም የስፌቱንም ከፍሎ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ስጦታ ደግሞ አይመለስም። ሐዳሳን ‹እናትሽ ናት፣ አንቺ ብትነግሪያት ይሻላል› አልናት፣ እሺ ብላ ነበር።»

«አንቺስ እዚህ አይደለሽም?» አለች ገነቴ። «በደጄ በሳምንት ሦስት ቀን ታልፊያለሽ።»

«ሥራ ላይ ሆነሽ እያየሁሽ እንዴት ልንገርሽ» አለች ሰብሌ፣ በእውነትም አዝና። ከዚያ ፊቷ ፈካ አለ። «ደግሞ ልፋትሽ አይቀርም፤ ገጠር ላለችው ለሆመቾ ቤተ ክርስቲያን እንልከዋለን። የሆመቾ እህቶች እንዲህ ያለ ነገር ለብሰው አያውቁም።»

ከኋላ አንዷ ቀስ ብላ፣ «ለነሱማ የተገለበጠም ቢሆን ሰማይ ነው» አለች። አንዳንዶቹ አፋቸውን ያዙ።

ገነቴ ልጇን ፈለገች። ሐዳሳ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከሁለት ረጃጅም ሴቶች ኋላ ቆማለች። ወይን ጠጁ ቀለም ይስማማታል። ብብቱ ግን ጠብቋል።

ገነቴ ከረጢቶቹን እዚያው ትታ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ኳየሩ ገባ። ሐዳሳ መሐል ላይ ቆመች፤ ማንም ወጣ በይ አላላትም፤ መዝሙሩን የጀመረችውም እሷ ናት። ገነቴ ዓመቱን ሙሉ የለመነችው ይህ ነበርና ምን እንደጎደለ ለማንም ማስረዳት አይቻልም ነበር። ሴቶቹ እጃቸውን ሲያነሱ ሐዳሳም አነሳች፣ ግን እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ቀሚሱ አላስኬዳትም። ገነቴ መዝሙሩን አልሰማችም። ከቀኝ ብብት ሥር አንድ ቦታ እያየች ነበር፤ የትኛው ስፌት ቀድሞ እንደሚለቅ ታውቃለች።

ቤት ሲደርሱ ሐዳሳ ከበሩ አላለፈችም።

«ልነግርሽ ነበር፣ እማ።»

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

ገነቴ ነጠላዋን እያጠፈች ነበር።

«ትስቂ ነበር» አለች ሐዳሳ። «ስትሠሪ ትስቂ ነበር። አባባ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ነገ እላለሁ፣ ነገ ደግሞ ትስቂያለሽ።»

ይህ እውነት ነበር። ገነቴም እውነት መሆኑን አወቀች፣ ማወቋ ግን ቅሬታዋን ምንም አላለዘበውም። ክረምቱን ሙሉ የሳቀችው ሁሉ አሁን ተመልሶ መጣ፤ ልጇ ከመጽሐፉ ላይ ቀና ሳትል ትሰማው የነበረ ሳቅ ነው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከከረጢቱ የሐዳሳን ቀሚስ ብቻ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ሰማያዊው ያበራል፣ ወተት መልኩ በጎኑ ይወርዳል። መቀሱን ለሐዳሳ አቀበለቻት።

«ቁረጪው።»

«ምኑን?»

«መወልወያ ነው የሚሆነው። ሌሎቹ ለሆመቾ ይሄዳሉ። ይሄ በልክሽ ነው የተሰፋው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም።»

«እማ፣ እለብሰዋለሁ። ቤት እለብሰዋለሁ።»

«ለቤት አልሰፋሁትም። ከጠርዙ ጀምሪ።»

ሐዳሳ መቁረጥ ጀመረች። መስመሩ ጠመመ። ገነቴ ከኋላዋ ቆማ፣ ለተማሪ እንደሚያሳይ አስተማሪ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ታርማት ጀመር። «በድሩ ሂጂ፣ በማጉ አይደለም። በማጉ ከሄድሽ ሲታጠብ ክር ይተፋል። አራት ጣት ስፋት። እንደዚያ። አትቸኩዪ።» ሐዳሳ ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ ጠበቀቻት፤ ከዚያ «ቀጥዪ» አለቻት። ጎኑ ላይ ሲደርስ፣ ሰማያዊውና ወተት መልኩ የተጋጠሙበት ድርብ ስፌት ጋ፣ መቀሱ ቆመ። ሐዳሳ በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ አልሄደም።

«እሱን አትቁረጪ» አለች ገነቴ። «አይበጠስልሽም። ከጎኑ ሂጂ።»

ከዚያ ጀምሮ ሐዳሳ ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳውን በሱ ትወለውላለች። ጥሩ መወልወያ ነው፤ ጥጥ ስላለበት ውኃ ይጠጣል። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሰዎች ከበረንዳው ወለል ላይ የሰማያዊውን ድምቀት እያዩ፣ «ምነው ይሄን የመሰለ ጨርቅ?» ይላሉ። ገነቴ ወደ ልጇ ታመለክትና፣ «የሷ ነው፣ እሷን ጠይቋት» ትላለች። ሐዳሳ ጨርቁን ትጨምቃለች።

ከሆመቾ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ለእህት ሰብሌ የተጻፈ ነበር፣ በጉባኤ ፊት ተነበበ። ሰዎች አጨበጨቡ። ገነቴም አጨበጨበች።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት፣ ሐዳሳ ወይን ጠጁን ቀሚስ ይዛ በረንዳው ላይ መጣች። ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር፤ እስኪሄዱ ጠበቀች። ቀሚሱን መኪናው አጠገብ አስቀመጠችው። ከቀኝ ብብት ሥር አንድ ስንዝር ያህል ተተርትሯል።

«እሁድ ፕሮግራም አለን» አለች። «ናስረዲን ወልቂጤ ሄዷል አሉ።»

ገነቴ ቀሚሱን አገላብጣ አየችው። ከመሳቢያው ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፤ ለደንበኛ ልብስ የምትሰካውን ዓይነት።

«ስም።»

«እማ…»

«ስም ሳይጻፍ አልቀበልም፣ ይደባለቅብኛል።»

«ሐዳሳ።»

«የአባት ስም።»

መንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ። ሐዳሳ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«መልካሙ» አለች።

ገነቴ ጻፈችው። ወረቀቱን በመርፌ ቁልፍ አንገቱ ላይ ሰካችና ቀሚሱን ተራ ከሚጠብቁት ልብሶች መጨረሻ ሰቀለችው። «ሐሙስ ነይ» አለችና የሚቀጥለውን ኮት አንስታ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው።